የእናቴ ቀሚስና አረንጓዴው ሳፋ

ቤታችን መጋዘን ሆኖ ነበር። ባሌ፣ እኔና አራት ልጆቻችን አዳማ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተጣበን እንኖራለን፤ ከደራ ለንግድ የምትመላለሰው የባሌ እህት ደግሞ በመጣች ቁጥር «ለጊዜው ይቀመጥልኝ» እያለች አንድ ነገር ጥላ ትሄዳለች። ባዶ ጀሪካን፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ ሻንጣ በሻንጣ ላይ። ልጆቼ አልጋቸው ላይ ለመድረስ የአክስታቸውን ዕቃ መሻገር ነበረባቸው። ለባሌ ስነግረው «እህቴ ናት እኮ!» ይለኛል። እኔ ምኑ እንደሆንኩ አላህ ይወቅ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ቤቱ ጸድቶ ጠበቀኝ። «የተዝረከረከውን አስወገድኩልሽ» አለች የባሌ እህት እየሳቀች፣ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳፋ እያሳየችኝ። በሰፈሩ የሚዞረውን ልዋጭ ጠርታ፣ አሮጌ ልብስ ሰጥታ የተቀበለችው ነው። የራሷን ሻንጣ ግን ንክች አላደረገችም። የሰጠችው ከአልጋዬ ሥር የነበረውን ፌስታል ነው።

ፌስታሉ ውስጥ የእናቴ ቀሚስ ነበር። እናቴ ስትሞት ልብሷን ሁሉ ሰደቃ ስንሰጥ፣ እህቶቼ ሳያዩኝ ያስቀረኋት አንዲት ቀሚስ። ጠረኗ እንዳይጠፋ ብዬ አላጠብኳትም።

«ውይ፣ ብብቱ የተቀደደ አሮጌ እኮ ነው!» አለችኝ። እርር ድብን አልኩ። ልዋጩን ፍለጋ እስከ ገበያ ሮጥኩ፤ ከየት ይገኛል!

ባሌ ሊያስታርቀን ፈልጎ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለኝ። እሱ ይበል! እኔ ሶላቴንም ሰገድኩ፣ ቂሜንም ያዝኩ። እሷ ደራ እንደተመለሰች «ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ስሰማ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ሻንጣዎቿን አንድ በአንድ ዘረገፍኩለት። የሠርግ ቀሚሷ ሲወጣ ሰውዬው ራሱ ደንግጦ «እህቴ፣ ይሄ እኮ አዲስ ነው» አለኝ።

«አሮጌ ነው፤ ውሰደው» አልኩት። ከነሻንጣዎቹ ወስዶ ብርጭቆዎች ሰጠኝ።

ስትመጣ በአንዱ ብርጭቆ ውኃ አቀረብኩላት። ጠጥታ ስትጨርስ «ያማረ ብርጭቆ አይደል? በሠርግ ቀሚስሽ የለወጥኩት ነው» አልኳት። ወደ ሻንጣዎቿ ሮጠች፤ ባዶ ወለል ጠበቃት። ጮኻ አለቀሰች። ምን እደብቃለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ሂጂና እናትሽ ጉያ ገብተሽ አልቅሺ» አልኳት። እኔ እናቴ ስትናፍቀኝ ያቺን ቀሚስ ፊቴ ላይ አድርጌ ነበር የማለቅሰው።