የመዓሊን መልስ አይሰረዝም

ተማሪዎቼ አውቶቡስ ሊሳፈሩ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው ስህተቱን ያየሁት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ አንዴ ከገቡ መውጣት የለም፤ ስልክም አይዙም። የምነግራቸው ነገር ካለ በእነዚያ ሦስት ቀናት መንገር ነበረብኝ። እኔ ደግሞ አንዱን ቀን ዝም ብዬ አባከንኩት።

ጅጅጋ ከተመደብኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ከደሴ የመጣሁ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ በከተማው ስሜን ያስጠራው ግን ማስተማሬ ሳይሆን አንድ ወረቀት ነው። የዓረፍተ ነገር ማረሚያ አርባ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው። በእንዲህ ያለው ጥያቄ ልጆቹን የሚጥላቸው፣ መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ገላጭ ሐረግ የማን እንደሆነ አለመጠየቃቸው ነበር። ስለዚህ በአማርኛ እቀልድላቸዋለሁ። «ከካራማራ እየወረዱ የጅጅጋ መብራቶች ታዩን» ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ማነው የወረደው ስላቸው፣ መብራቶቹ ይላሉ። «በእግር ነው ወይስ በአይሱዙ?» ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ «ከካራማራ እየወረድን የጅጅጋን መብራቶች አየን» ብለን እናቃናዋለን። ወረቀቱ ከአንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ ከከተማው ውጭ ደምበል ወረዳ ድረስ ሄዷል ሲሉኝ፣ አልዋሽም፣ ኮርቼ ነበር።

ያን ቀን ለመጨረሻ ክለሳ ሳነበው አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ክው አልኩ። ግመሎቹን አስሮ ሻይ ስለቀረበለት ነጋዴ የሚናገር ነው። እኔ ትክክል ብዬ የሰጠሁት መልስ ግን ግመሎቹን ያሰረው ሻዩ ነው ይላል።

አንድ ጥያቄ ናት፣ ትለፍ፣ ብዬ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ። አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝና አልሆነልኝም። ባለፈው ዓመት በጥቂት ነጥብ ወድቃ ዘንድሮ በግል የምትፈተን፣ ለማጠናከሪያ ትምህርት ከእኔ ጋር የምትማር ልጅ ናት። አዋላጅ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። አባቷ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግመሽ ትሞክሪያለሽ፣ ካልሆነ ከሱቅ አትወጪም ብሏታል። ይህች ልጅ አርባውን ጥያቄ በቃሏ ይዛዋለች። በዱግሲ፣ በቁርኣን ቤት ማለት ነው፣ ልጅ ከመምህሩ የተቀበለውን አንድ ፊደል ሳያጎድል ይይዛል፤ እሷም የእኔን ወረቀት የያዘችው እንደዚያው ነው። ቁጥር ስጠራላት ዓረፍተ ነገሩን ከነመልሱ ታንበለብልልኛለች። እኔም ጎበዝ እላት ነበር። አሥራ አራትንም ስታንበለብል ጎበዝ ብያታለሁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የወረቀትማ ይብሳል። ብናገር ከተማው ሁሉ ይስቅብኛል፤ ዝም ብል ልጅቷን እጥላታለሁ። ቀኑ በዚህ ሐሳብ መሸ። አፈርኩ፣ ግን አልተነሣሁም።

በማግስቱ ሱቆች ለቀትር ሳይዘጉ ወደ አባቷ የልብስ ሱቅ ሄድኩ። አባትየው በስተውስጥ ጨርቅ ያጣጥፋል። እሷ በሩ አጠገብ ወረቀቴን ይዛ ታነባለች።

«አሥራ አራት ተሳስቷል» አልኳት፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ።

አንገቷን ደፋች። «አውቃለሁ፣ መዓሊን።» መዓሊን መምህር ማለት ነው፤ እዚያ ሁሉም የሚጠራኝ እንደዚያ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረመዳን በፊት።»

ንድድ አለኝ። «ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«የመዓሊን መልስ አይሰረዝም።»

«ፈተናው ላይ ቢመጣስ የቱን ልትመርጪ ነበር?»

«የእርስዎን።»

«እያወቅሽ?»

ወደ አባቷ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የራሴን መርጬ ብወድቅ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አለቀ። የእርስዎን መርጬ ብወድቅ አባቴ መዓሊኑ ነው ያሳሳታት ይላል። ምናልባት ሌላ ዓመት ይሰጠኛል።»

ቁጣዬ በአንዴ ጠፋ፤ በቦታው ፍርሃት ገባ። ልጅቷ ከእኔ ጀርባ ተደብቃ ልትፈተን ነበር፤ መደበቂያውን የሠራሁላት ደግሞ እኔ ነኝ። እስክሪብቶ ሰጠኋትና ሰርዢው አልኳት። ወረቀቱን ግን አልነካችውም።

አባትየው ጨርቁን አስቀምጦ መጣ። ምን እንደሆነ ነገርኩት፤ ልጅህን የተሳሳተ ነገር አስተምሬያታለሁ ማለት እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሱ ያየው ግን ልጁ በመምህሯ ፊት የመምህሯን ጽሑፍ ልትሰርዝ መሆኑን ነው።

«ተይ» አላት።

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አልኩት። «የምትፈተነው ብቻዋን ነው። እዚያ እኔም አንተም የለንም።»

አባትየው ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየ። እሷ ፊቱን ጠብቃ ጠብቃ፣ በመጨረሻ በቀጭኑ ሰረዘችው።

እጄን ብዘረጋም እስክሪብቶውን አልመለሰችልኝም። ገጹን ገለበጠች። ከሃያ ሁለት ቁጥር አጠገብ በእርሳስ የተደረገች፣ ዝንብ የጣለቻት የምትመስል ነጥብ አለች። «ይኼም» አለች። አየሁት፤ ልክ ናት። ሠላሳ አንድም ጎን እንደዚያ ያለ ነጥብ ነበር። እሱ ላይ ግን ትክክል ነኝ ብዬ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ማስረዳት ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እንድትሳሳት ፈልጌ ነበር።

«አይደለም፣ መዓሊን» አለች። «ለሦስት ቀን ታሞ ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠው ነው የሚለው። ማነው የታመመው?»

በእኔ መልስ የታመመው ሐኪሙ ነበር። ሰረዘችው፤ በዚህኛው የአባቷን ፊት አልጠበቀችም።

«ልክ ናት?» አለኝ አባትየው።

«ልክ ናት።»

ሁለታችንንም በየተራ አይቶ ወደ ጨርቁ ተመለሰ። እኔ ግን አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። «ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም» አለች።

በማግስቱ ጠዋት፣ በመጨረሻው የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ፣ ሁሉም ፊት ቆሜ ሦስቱን ቁጥሮች ተናገርኩ። አንድም ሰው አልደነገጠም፤ እስክሪብቶ እያወጡ ዝም ብለው ሰረዙ። ሌላ ስህተት ያየ ካለ ይናገር አልኩ። ወለሉን የሚያዩ ዓይኖችን እያየሁ፣ ነገ ሁሉም እኔን ከነስህተቴ ተሸክመው ሊሳፈሩ ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ከኋላ «ሠላሳ ስምንት» የሚል ድምፅ ተሰማ። እሷ ነበረች።

ዞሬ ዓረፍተ ነገሩን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። አንዴ አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፤ ስህተቱ አልታየኝም። ሳልዞር የእግሯ ኮቴ ሲመጣ ሰማሁ። አጠገቤ ቆማ ትንሽ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደች።