በፎቶ ብቻ የቀረው የብርቱካን እርሻ

ወንድሜ የነገረኝ እዚህ ሲያትል ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ፓርኪንጉ ውስጥ ቆመን ሳለ ነው።

«እታለም፣ ከሰዓት ኮሎምቢያ ሲቲ ስብሰባ አለ። አብረሽኝ ትመጫለሽ።»

«የምን ስብሰባ?»

«የአንቺ ጉዳይ ነው» ብሎ ሳቀ። «ብርቱካን!»

ታናሽ ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ኬንት ካሉት መጋዘኖች ይጭንና እስከ ኦሪገን ያደርሳል። እኔም የምሠራው እዚያው ኬንት ነው። ከደቡብ አፍሪካና ከቺሊ በኮንቴይነር የሚመጣ መንደሪን እንደገና የሚታሸግበት መጋዘን ውስጥ፣ ፍሬውን በሚያሳልፈው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ዳር ቆሜ የተበላሸውን ከደህናው እለያለሁ። አለቃዬ እጅሽ ፈጣን ነው ይለኛል። የት እንደለመድኩት ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ነግሬው አላውቅም።

አገር ቤት፣ አዋሽ ወንዝ ዳር በነበረ ትልቅ የመንግሥት የብርቱካን እርሻ ለአሥራ አንድ ዓመት የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ነጭ ጋዋን ለብሼ ማሸጊያው ውስጥ ነበር የምውለው። ብርቱካኑ ከማሳ በትራክተር ይመጣል፣ ይታጠባል፣ በየመጠኑ ይለያል። አንደኛ ደረጃው በካርቶን ታሽጎ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ለአዲስ አበባ ገበያ ነው፤ መልኩ ያላማረው ደግሞ ለጭማቂና ለማርማላታ ወደ ፋብሪካው ይላካል። ለቃሚዎቹ ፍሬውን በመቀስ ቆርጠው እንጂ በእጃቸው ጎትተው እንዳያወርዱ ስንት ቀን ተጨቃጭቄአለሁ። የተጎተተ ብርቱካን አናቱ ላይ ይቀደድና ጅቡቲ ሳይደርስ ይሻግታል፤ አንዱ ሲሻግት ጎረቤቶቹንም ያበላሻል።

ያ እርሻ ሲሞት ዓይኔ እያየ ነው። መጀመሪያ የመስኖ ቦዮቹ በደለል ተሞሉ፤ የሚጠርጋቸው ማሽን መለዋወጫ የለውም ተባለ። ውሃው ማሳው ላይ እየተኛ አፈሩ ጨው አወጣ። ዛፎቹ አረጁ፣ የሚተካቸው ችግኝ አልመጣም። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ታየ፣ ቀጥሎ ፍሬው ላይ። ይህን ሁሉ በየወሩ ሪፖርት አደርግ ነበር። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶኝ «የበላይ አካል እንዲህ ያለ ወሬ መስማት አይፈልግም፤ አስተካክለሽ ጻፊ» አለኝ። አላስተካከልኩም። እሱ ራሱ አስተካከለው። ወረቀቱ ላይ ምርቱ እያደገ፣ ማሳው ላይ ዛፉ እየደረቀ ሁለት ዓመት ሄድን። በመጨረሻ ቡልዶዘር መጣና ዛፎቹን ከነሥራቸው ገነደሳቸው። በቦታቸው ሸንኮራ አገዳ ተተከለ። ማሸጊያው ተዘጋ፤ እኛንም በአንድ ጠዋት በተኑን።

ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ይህን ታሪክ ለማንም ላልናገር ወስኜ ነበር። ስናገረው እናደዳለሁ፤ ተናድጄ ደግሞ ምን አመጣለሁ?

ኮሎምቢያ ሲቲ ስንደርስ አዳራሹ ሞልቷል። በየወንበሩ ላይ የአክሲዮን መግዣ ቅጽ ተቀምጧል። ወንድሜ የአዘጋጅ ኮሚቴው አባል መሆኑን ያወቅኩት መድረክ ላይ ወጥቶ እንግዳውን ሲያስተዋውቅ ነው። እንግዳው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሱፉ ያልተጨማደደ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነበር። ስለ ኤክስፖርት፣ ስለ ጭማቂ ፋብሪካ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ ተናገረ። ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ፎቶዎቹን ማሳየት ጀመረ።

«ይህ በአሁኑ ሰዓት ምርት እየሰጠ ያለው እርሻችን ነው» አለ።

በረድፍ በረድፍ የቆሙ አረንጓዴ ዛፎች። ከኋላቸው የማውቀው ተራራ። ቀጥሎ ማሸጊያው መጣ። አረንጓዴ ከተቀባው ጣሪያ መሀል አንድ ያልተቀባ ቆርቆሮ ያበራል። ነፋስ የወሰደውን ለመተካት ያ ቆርቆሮ ሲመታ ከሥር ቆሜ አይቻለሁ። ሦስተኛው ፎቶ ላይ አንዲት ሴት ቀበቶው ዳር ቆማ፣ በሁለት እጇ ብርቱካን ይዛ ትስቃለች። ጓደኛዬ ናት። ስምንት ዓመት ከጎኔ ቆማ ብርቱካን የለየች ጓደኛዬ። ያ ፎቶ ለእርሻው የቀን መቁጠሪያ ተብሎ የተነሳ ነው፤ የዚያን ዕለት ሻሿን ሦስት ጊዜ ፈትታ አስራለች።

ሰውየው «እነዚህ ሠራተኞቻችን ናቸው» አለ።

ደሜ ፈላ። እጄን ሳላወጣ ብድግ አልኩ።

«ይቅርታ፣ ይሄ ፎቶ መቼ የተነሳ ነው?»

«በቅርቡ ነው፣ እህቴ።»

«ብርቱካኑን ምን ላይ ነው ያዳቀላችሁት?»

«ሙሉ በሙሉ ኦርጋኒክ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም። ለገበያ የሚሆን ብርቱካን ሥሩ የሌላ፣ ላዩ የሌላ ዛፍ ነው። የእናንተ ሥሩ የምንድን ነው?»

«የቴክኒኩን ነገር እንኳ ባለሙያዎቻችን ቢመልሱት…»

«ባለሙያዋ እኔ ነኝ! እዚህ ማሸጊያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህችን ሴት አውቃታለሁ። እዚያ ቦታ ላይ አንድም የብርቱካን ዛፍ የለም! ተነቅሎ አገዳ ሆኗል!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከኋላ አንዱ «አስጨርሱት እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ሰውየው ግን አልደነገጠም፤ ፈገግ አለ። «የእህታችን ስሜት ይገባኛል። አገራቸውን ስለሚወዱ ነው» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ያጨበጨበው ለእኔ ይሁን ለእሱ እስካሁን አላውቅም። ውሸቱን ፊት ለፊት ነግሬው «ስሜት» ብሎ ጠቀለለው። ወንድሜ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። «እታለም፣ በእግዚአብሔር ተቀመጪ። አታዋርጂኝ።» ጥዬ ወጣሁ።

ወንድሜ ስብሰባው ሲያልቅ ወጣና መኪናው ውስጥ ገባን። በሬኒየር አቬኑ ወደ ቤት ነዳ።

«ሶ፣ አንቺ ከወጣሽ ስንት ዓመትሽ ነው?» አለ። «እንደገና ተክለውት ሊሆን ይችላል እኮ።»

«ብርቱካን ጎመን ነው እንዴ፣ ዛሬ ተክለህ ነገ የምትለቅመው? ጓደኛዬስ ያንኑ ሻሽ አስራ እስከ ዛሬ እዚያው ቆማ ትስቃለች?»

«ኦኬ፣ ፎቶው የድሮ ይሁን። ግን ሰውየውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ይገባሻል? ሰው እኔን አምኖ ነው የፈረመው።»

«አንተስ ማንን አምነህ ነው?»

መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «እኔም ገንዘቤን አስገብቼበታለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በማግስቱ ለጓደኛዬ ኮል አደረግኩላት። እርሻው ሲዘጋ እዚያው አቅራቢያ ካለው ከተማ ቀርታ ሻይ ቤት ከፍታለች።

«ፎቶሽ አሜሪካ መጥቷል» አልኳት።

«የቱ ፎቶዬ?»

ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች። «ቆንጆ ነኝ?»

«ቆንጆ ነሽ።»

ከዚያ ጠየቀችኝ። «ስሜን ጠራው?»

«አልጠራውም። ሠራተኞቻችን ናቸው ነው ያለው።»

«የማን ሠራተኛ? ማን ቀጠረኝና?» ድምፅዋ ተለወጠ። «ቆይ፣ ራሴ ሄጄ በስልኬ ቀርጬ እልክልሻለሁ።»

ቪዲዮው በሦስተኛው ቀን፣ መጋዘኑ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ደረሰኝ። ከባጃጅ ስትወርድ ይጀምራል። ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አገዳ ነው። «ይኸውላችሁ ማሳው» ትላለች፣ ነፋሱ ድምፅዋን እየወሰደው። «ይኸውላችሁ ብርቱካናችሁ።» ማሸጊያው ጋ ስትደርስ ጣሪያው የለም፤ ቆርቆሮው ተነቅሎ ተወስዷል፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ቀበቶው የነበረበት ሲሚንቶ ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። በመጨረሻ ስልኩን ወደ ራሷ አዞረችው። ፀጉሯ ሸብቷል፤ የፊት ጥርሷ አንዱ የለም። «ሠራተኛዋ እኔ ነኝ» አለች። «ማንም መጥቶ የጠየቀኝ የለም።»

ምሳዬን አልበላሁም። በሰውየው ተናደድኩ፣ በዚያ ሪፖርት አስተካካይ ሥራ አስኪያጅ ተናደድኩ፣ ባጨበጨቡት ሁሉ ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ በራሴ ተናደድኩ። ቡልዶዘሩ የገባ ዕለት እኔ ምን አደረግኩ? ክሊራንሴን በፖስታ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ቅዳሜ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ ሰውየው ደወለ፤ አላነሳም። ጥቂት ቆይቶ መልእክት መጣ፤ «ያ ሌላ ሳይት ነው፣ ወንድሜ፤ አትረበሽ» ይላል። ወንድሜ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረውና በእኔ ላይ ጮኸ።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? ስለዚያ እርሻ አንድ ቀን አጫውተሽኝ ታውቂያለሽ? ብርቱካን ላይ ሠራች ከማለት ሌላ የማውቀው ነገር አለ?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» ብዬ እኔም ጮህኩ። «ግባ ብለው የመጡልህ ጊዜ እንኳ ደውለህ፣ እታለም፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው ብለኸኛል?»

«ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ነበር!»

ያስደስታታል ብሎ ነበር። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ «ለሰዎቹ መንገር አለብኝ፤ ብቻዬን ግን አልችልም» አለ።

እሱ ያስፈረማቸውን ሰዎች ቤት ለቤት ዞርን። አንዲት ነርስ አቅፋ ሳመችኝ። አንዱ ታክሲ ነጂ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው እንኳ ሳያይ በሩን ዘጋብን። የመጨረሻው ኦበርን የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም አባባ የሚላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን ዓይናቸው ሥር ይዘው አዩት።

«ልጄ፣ ይህን ለሰው አታሳዪ» አሉኝ። «የአገር ገመና ነው።»

«አባባ፣ ገመናው የቱ ነው? ይሄ ነው ወይስ እሱ ያሳየዎት ፎቶ?»

ስልኩን መለሱልኝና እጃቸውን ተመለከቱ። «እኔ ትርፍ ብዬ አልገባሁም» አሉ። «በስሜ የቆመ ዛፍ አለ ለማለት ነው። እዚህ ስኖር ሳር እንኳ በስሜ አልተከልኩም።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊይዝ ሲል ትከሻውን ይዘው አስነሱት። «ተው፤ አንተንም አታለሉህ» አሉት። በእሳቸው ልናደድ አልቻልኩም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። እኚህን ሰው በምን ፎቶ እንዳታለሏቸው እያሰብኩ ጥርሴን ነክሼ ነው የሄድኩት።

ኮሚቴው ሁለተኛውን ስብሰባ ሰረዘ። «አለመግባባት ተፈጥሯል» የሚል ደብዳቤም ለሁሉም ላከ። አለመግባባት! ድረ ገጹ ላይ የነበሩት ፎቶዎች ወርደው በቦታቸው ሌላ የብርቱካን ማሳ ተለጠፈ፤ የየት አገር እንደሆነ የማላውቀው፣ ቁልቁለት ላይ የተተከለ። ወንድሜ ከኮሚቴው ወጣ። ከሌሎች ስድስት ሰዎች ጋር ሆኖ ጠበቃ ይዞ አገር ቤት ላለው የክልሉ ኢንቨስትመንት ቢሮ አቤቱታ አስገባ። እስካሁን የመጣ መልስ የለም።

ባለፈው ወር ሰውየው ፖርትላንድ ውስጥ ስብሰባ ሊያደርግ መሆኑን ሰማን። ወንድሜ የዕረፍት ቀኑ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ነድቶ ወሰደኝ። አዳራሹ ውስጥ አላስገቡንም። በሩ ላይ የቆመው ጎረምሳ «ጥሪ የላችሁም» አለን። እኛም አልጨቃጨቅነውም፤ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆምን። ካፊያ ነበር። ለሚመጣው ሰው ሁሉ ስልኬን እዘረጋለሁ። አንዳንዱ ሳያይ ያልፋል። አንዳንዱ ይቆማል።

አንድ ባልና ሚስት አይተው ሲጨርሱ ሚስትየው ወደ ወንድሜ ዞራ «አንተስ ማነህ?» አለችው።

ጃኬቱን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። «ሲያትል ላይ ይህን ሰው ያስተዋወቅኩት እኔ ነኝ» አላት። «ሰዎች በእኔ አምነው ፈርመዋል። እናንተ አትፈርሙ።»

ባልየው ሞልቶ የመጣውን የአክሲዮን ቅጽ አጥፎ ኪሱ ከተተና ሚስቱን ይዞ ወደ መኪናቸው ተመለሰ። ወንድሜ ቀጥሎ ወደሚመጣው ሰው ሄደ። በዚህ ጊዜ ስልኩን ከእጄ የወሰደው እሱ ነበር።