ያልተጸጸትኩበት እሳት

«እሺ» ያልኳት ስልኩን ለመዝጋት ነው። የልጄ ልጅ ዙሪክ አጠገብ ካለችው ከኦፕፊኮን ደውላ፣ ስለ ድንጋይ ከሰል ፎርትራግ፣ ማለት ገለጻ፣ ይዛ የክፍል ጓደኞቿ ፊት እንደምትቆም ነገረችኝና «አባባ፣ አንተ ድሮ ታቃጥል ነበር፤ አሁን ትጸጸታለህ አይደል? መጥተህ ስማኝ» አለች። እኛ ዘንድ ልጅን ላለማስከፋት እሺ ይባላል፤ ማንም ይዞት ፍርድ ቤት አይሄድም። እሷ ግን ያደገችው እሺ ማለት እሺ በሆነበት አገር ነው። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ልናገርና፣ በስዊዘርላንድ እንደ ትልቅ ሰው የምታየኝ እሷ ብቻ ነች፤ ይህ እንዲቀርብኝ አልፈልግም።

በቀጠሮው ቀን ከምኖርበት ከቬርኒየ ተነስቼ፣ ሦስት ሰዓት ያህል በባቡር ተጉዤ ዙሪክ ገባሁ። ትምህርት ቤቷ ደርሼ ክፍሏ ስገባ ፎቶዬ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር በርቷል፤ ከፈረቃ ጓደኞቼ ጋር በሲሚንቶ አቧራ ነጥተን። ከሥሩ በጀርመንኛ የተጻፈውን አነበበችልኝ፦ «አያቴ ተጸጽቷል።»

ደሜ ፈላ። ከመሰደዴ በፊት የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የነበልባሉን ቀለም በጠቆረ መስታወት እያየሁ ከሰሉን ጨምሩ፣ ቀንሱ የምል እኔ ነበርኩ። ከዚያ እሳት የወጣው ሲሚንቶ ድልድይ ሆኗል፣ ክሊኒክ ሆኗል። የሰፈራችን ልጆች ከጭቃ ክፍል የወጡት በእሱ ነው። በዚህ ነው የምጸጸተው?

መምህርቷ እንድናገር ጋበዘችኝ። እኔ በአማርኛ እየተናገርኩ፣ የልጄ ልጅ በጀርመንኛ እየተረጎመች ጀመርን። «አልተጸጸትኩም» አልኩ። ፊቷ ቀላ፤ ግን አንድ ቃል አላስቀረችም። እኔም ባሰብኝ። «እናንተ የምትሄዱበት ሐዲድ ብረቱ በምን ቀለጠ? አውሮፓ በድንጋይ ከሰል በለጸገና ዛሬ የእኛን ጭስ ይቆጥራል። የጠገበ ሰው ለተራበ ስለ ጾም አይስበክ!»

ተርጉማ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«አሁን እኔ ልጠይቅህ። ጭሱ የት ሄደ?»

«ወደ ላይ ነዋ።»

«ካርቦኑ አይጠፋም፣ አባባ። እዚያ ተቀምጦ ምድርን ያሞቃል። አገር ቤት እህትህ ጋ ዝናብ ቀረ ያልከኝ አንተ ነህ።»

ስለ እህቴ ማሳ በየሳምንቱ የማማርርላት እኔው ነኝ፤ እንዴት ልካድ? «የእኔ ምድጃ ብቻ ነው ያጠፋው?» አልኩ።

«አይደለም። የአውሮፓ ይበልጣል፣ እሱንም ለክፍሉ እነግራቸዋለሁ። ግን ነገ አገር ቤት አዲስ ፋብሪካ ቢሠሩ፣ በድንጋይ ከሰል ይሁን ትላለህ?»

ክፍሉ በሙሉ አፍ አፌን ያያል። አዎ ልል ነበር፤ እልኸኛ ነኝ። እህቴ ግን ዘንድሮም የዘራችው አልበቀለም።

«አልልም» አልኩ። «ውሃ አለን፣ ነፋስ አለን፣ በእሱ ይሥሩ። አገር ማደግ አለበት፤ እሱን ማንም አይከለክለንም። በከሰል የከበረ ሁሉ ምክሩን ትቶ ማሽኑን በመግዛት ያግዝ። እኔ ግን ያኔ ሌላ እሳት የሰጠኝ አልነበረም። ይቅርታ አልጠይቅም።»

ሁሉንም ተረጎመች። ከዚያ ጠጋ ብላ «እኔ ላይ ለምን ትጮሃለህ?» አለችኝ።

«እንዳትንቂኝ ፈርቼ» አልኳት።

ይህን አልተረጎመችውም።