ትከሻሽን ልቀቂው

በደርግ ጊዜ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ቀኝ ትከሻዬ ደርቆ ቀረ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ደብዳቤው የመጣ ሰሞን ትንሽ ይሻለኛል፤ ሲዘገይ አንገቴን እንኳ ማዞር ያቅተኛል። ወጌሻዋ ብታሽ፣ ብታሽ፣ ወይ ፍንክች!

ቴኒስ ያስጀመሩኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ በወጣትነታቸው ክለብ ውስጥ ሲሠሩ ጨዋታውን የለመዱ ጡረተኛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮልፌ ተነስተን ጦር ኃይሎች አጠገብ ወዳለ አሮጌ ሜዳ በእግራችን እንሄዳለን። ራኬቱን አንቄ ስይዝ ይስቁብኛል።

«ዶሮ እንዳታመልጥሽ ነው እንዴ? እጅሽን ላላ አድርጊው። ስትመቺ ትንፋሽሽን አውጪ።»

ደብዳቤ ከቀረ ሦስተኛው ወር ላይ አንድ ቅዳሜ ከወትሮው ቀደም ብለው መጡ። ቁርስ ካልበላሽ አንሄድም ብለው አፋጠጡኝ። ሜዳ ላይ ቀላል ቀላሉን ኳስ ሳቱ። እኔ መቼም አፌ አያርፍም።

«ጋሼ፣ ይችንም ሳቱ? እርጅና መጣ መሰለኝ።»

«መጣ ልጄ» አሉኝ። «ትከሻሽን ልቀቂው። ዛሬ እንኳ ልቀቂው።»

እውነትም ለቀቀኝ። ክንዴ ቀለለኝ፤ ኳሷ ያሰብኩበት ቦታ ታርፍልኝ ጀመር። ከት ብዬ ሳቅሁ። ስንመለስ በራቸው ላይ የቆሙ ሴቶች እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ። በሱሪዬ ያሙኝ መስሎኝ «ሱሪ አይታችሁ አታውቁም?» አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ገባሁና ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ገና ሳይነጋጋ በሬ ተንኳኳ። የእድራችን ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ከፊት ጋሼ ነበሩ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚያ በኋላ የራሴን ጩኸት ብቻ ነው የማስታውሰው።

መርዶው ቀበሌ የደረሰው ዓርብ ኖሯል። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ እስከዚያ ሐዘንተኛው እንዳይሰማ፣ እህል ቀምሶ እንዲያድር ይጠበቃል። ቅዳሜን «ለእኔ ተዉልኝ» ያሉት ጋሼ ናቸው። ለወራት አኮረፍኳቸው። ወንድሜ ሞቶ እንዴት ያስቁኛል ብዬ አንጀቴ አረረ። ያችን አንዲት ቀን ሊሰጡኝ ብለው እንደነበር የገባኝ እሳቸውም ካለፉ በኋላ ነው።

ራኬቱን ዳግመኛ አልያዝኩም። ዛሬም ትከሻዬ ድንገት ሲላላ ደስ አይለኝም። ቀና ብዬ የሰዎችን ፊት አያለሁ፤ የደበቁኝ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ።