ጅማ ውስጥ የለም

አባቴ አጋሮ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነበር። ሲሞት ለኔ የተረፈኝ በብስኩት ቆርቆሮ የታጨቀ የፊልም ክምርና አንድ ስካነር ነው። ፊልሙ ውስጥ የአጋሮ ሰው ሁሉ አለ፤ ሙሽሮች፣ ቡና ነጋዴዎች፣ በተውሶ ኮት የተነሱ ተማሪዎች። ስካነሩ ደግሞ ክዳኑ ውስጥ የራሱ መብራት ያለው፣ ፊልም ሲሰጡት አንብቦ ወደ ፎቶ የሚመልስ፣ እንደ ሻንጣ የከበደ አሮጌ ዕቃ ነው። አባቴ ከአዲስ አበባ ሲያመጣው መንገዱን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነው የመጣው። እንዲያ ተንከባክቦ አምጥቶት፣ ብዙም ሳይቆይ መስተዋቱ ላይ የተጣበቀ ሙጫ በምላጭ ልፋቅ ብሎ ጫረው። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ስካነር የሚወጣ ፎቶ ሁሉ ከታች በስተግራ ጥጉ ላይ ዘንበል ያለች ቀጭን ነጭ መስመር አለችው። "ጠባሳ የሌለው ሰው የት አለ? ዕቃም ያው ነው" ይል ነበር፣ ጥፋቱ የራሱ ስለሆነ።

ስካነሩን ወደ ጅማ አምጥቼ፣ ጊንጆ ሰፈር የምሠራባት ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ቤት አስቀመጥኩት። እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ፣ የሰርግ ካርድና የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀኝ ግን በሌላ ነገር ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ከአስከሬኑ ፊት የሚያዝ ትልቅ ፎቶ አለ፤ እሱ ካልደረሰ ቀብሩ የጎደለ ይመስላል። ስለዚህ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ጥሩንባውን ከመንፋቱ በፊት በኔ በር ያልፋል። "ሜ፣ እባክህ ተነስ እንጂ! ከታች ያሉት ሴትዮ አርፈዋል። ወላሂ ከዚች በቀር ፎቶ የላቸውም" ብሎ የተጨማደደ አሮጌ ፎቶ ወይም የፊልም ቁራጭ እጄ ላይ ያኖራል። እኔም ሌላውን ሥራ ትቼ፣ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ አደርሳለሁ። አንድም ቀን ዘግይቼ አላውቅም። ይህን ስል እየኮራሁ ነው፤ መኩራትም ይገባኛል።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሬን አቃጥሎት መጣ። ወደ ሚዜዬ ሮጥኩ።

ሚዜዬ የኮምፒውተር ሰው ነው፤ ይጠግናል፣ ይሸጣል፣ ዊንዶ ይቀይራል። በሰርጌ ቀን ጫማዬ ቢጠበኝ የራሱን አውልቆ ሰጥቶኝ፣ የኔን ተረከዙ ላይ ረግጦ እያነከሰ የጨፈረ ሰው ነው። እናቴ ከኔ አብልጣ ትወደው ነበር። አጋሮ ስንሄድ "ከሁለታችሁ ሰው የወጣው እሱ ነው" እያለች በፊቴ ታጎርሰዋለች። እሱም "እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ እየሰማ ነው" ብሎ ያስቃታል። ሰው እንዲህ ሆኖ እናትህ ቤት ሲበላ፣ ምኑን ትጠረጥራለህ?

አዲስ ኮምፒውተር ከአዲስ ዊንዶ ጋር አስገባልኝ። ፍጥነቱን ሳይ ደስ አለኝ። ስካነሩን ስሰካው ግን "ያልታወቀ ዕቃ" አለኝ። ሶኬቱን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ስካነሩ መብራቱን ብልጭ አድርጎ ያጓራል፤ ኮምፒውተሩ አላውቅህም ይለዋል። በሁለቱ መሃል ገብቶ የሚያስተዋውቅ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እንደ ሽማግሌ በለው። ስካነሩ ሲገዛ አብሮት የመጣውን ሲዲ ከአባቴ ሳጥን ፈልጌ አገኘሁና ከተትኩት። አዲሱ ዊንዶ "ፊርማ የለውም" ብሎ መለሰው፣ ማህተም ጎደለ ብሎ ባለጉዳይ እንደሚመልስ የቀበሌ ጸሐፊ። በስልኬ ዳታ ከኢንተርኔት ሌላ አወረድኩ፤ እሱንም መለሰው።

ሚዜዬ መጥቶ አንድ ከሰዓት ሙሉ አጠገቤ ተቀመጠ። ጻፈ፣ አጠፋ፣ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ የስካነሩን ክዳን ቀስ አድርጎ ከደነውና "ነፍስ ይማር" አለ። ሳቅን።

"እውነቴን ነው የምልህ፣ የሠራው ድርጅት ራሱ ረስቶታል። ለዚህ ዊንዶ የሚሆን ድራይቨር አልወጣለትም፤ አይወጣለትምም። ይልቅ ለኔ ስጠኝ፣ ለመለዋወጫ ይሆነኛል።"

ሰጠሁት። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ጠርቼ፣ ራሴ ተሸክሜ ጫንኩለት።

ከዚያ በኋላ ጥሩንባ ነፊው ጥቂት ጊዜ መጣ። "ማሽኑ ሞቷል" አልኩት። "ኢና ሊላሂ" አለ፣ እየቀለደም እያዘነም። የቆዩ ፎቶዎችን በስልኬ እያነሳሁ ለማስፋት ሞከርኩ፤ ብርሃን ያንጸባርቃል፣ ይጣመማል። ፊልሙንም ወደ መስኮት ይዤ አንስቼ ቀለሙን ለመገልበጥ ሞከርኩ፤ ጭቃ የመሰለ ነገር ወጣ። ቀስ በቀስ ጥሩንባ ነፊው በሬን ማለፍ ተወ። ጥሩንባውን እንደማንኛውም ሰው ከሩቅ መስማት ጀመርኩ።

እናቴ ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናቡ ሲጀምር አረፈች። ጎህ ሲቀድ ተደውሎልኝ አጋሮ ደረስኩ፤ ቀብሩ ለከሰዓት ተባለ። እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ካሜራ ፊት ቆማ አታውቅም። ልጆች ስልክ ሲያወጡ በነጠላዋ ፊቷን ትሸፍንና "የኔ ፎቶ አንሺ ሞቷል" ትላለች። ከቀበሌ መታወቂያዋ በቀር አዲስ ፎቶ የላትም። ግን አባቴ ያነሳት አንድ ፊልም ነበረች። ከጅማ ስነሳ ከቆርቆሮው አውጥቼ በኪሴ ይዣት ነበር። ወደ ብርሃን ስታነሳት ጸጉሯ ነጭ፣ ጥርሷ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሆኖም እየሳቀች እንደሆነ ያስታውቃል። አባቴ አንድ ነገር ብሏት ነው የሳቀችው፤ ምን እንዳላት ግን ለማንም አልተናገረችም። ያችን ሳቅ ከፊቷ አስቀድሜ ልቀብራት ፈለግሁ። ከዚያ በቀር የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

ሚዜዬ ከኔ እኩል ደርሶ ነበር። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ከፍራሹ አይነሳም፤ የሚሮጥለት ሚዜው ነው። ድንኳኑን ያስተከለው እሱ፣ ለቄሶቹ የላከው እሱ፣ መቃብሩን ያስቆፈረው እሱ። ጠርቼው ፊልሟን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት።

"ይህን የሚያነብ ስካነር ከየትም ከየትም አምጣልኝ" አልኩት።

ፊልሟን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አነሳት። ብዙ አያት። ከዚያ መለሰልኝ።

"ጅማ ውስጥ የለም፤ አዲስ አበባ ደግሞ ሩቅ ነው" አለኝ። "አንተ ተቀመጥ። መታወቂያዋን ስጠኝ፣ እኔ አሰፋዋለሁ።"

ይዞት የመጣው ፎቶ የማንም እናት ሊሆን ይችል ነበር። አፍንጫና አገጭ የሌለው አመድማ ፊት፣ አንድ ጉንጯ ላይ የማህተም ግማሽ ያረፈበት። አክስቴ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ አየችውና ሙሾዋን አቋርጣ "ይቺ ማናት?" አለች። ያንን ፎቶ ከአስከሬኑ ፊት ይዞ የሄደው ሚዜዬ ነው። ሲያለቅስ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም በዚያ ሐዘን መሃል ለሱ አዘንኩለት፣ ሞኙ።

ክረምቱ ወጥቶ አሰንዳቦ የባለቤቴ ዘመድ ሞቶ ለቀብር ሄድን። አስከሬኑ ሲወጣ ፎቶው ከፊት አለፈ። ሰውየው በጎልማሳነቱ፣ ጠይም ፊቱ ጥርት ብሎ፣ የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። ሥራውን ሳደንቅ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። በስተግራ ጥጉ ላይ ዘንበል ያለች ቀጭን ነጭ መስመር።

ሰው እያለቀሰ እኔ ደርቄ ቀረሁ። የአባቴን ምላጭ እንዴት አላውቀውም?

የት እንዳሠሩት ስጠይቅ "አጋሮ፣ ገበያው አጠገብ አንዲት ልጅ አለች" አሉኝ። በማግስቱ ፊልሟን ይዤ ሄድኩ። ሱቋ እናቴ ካረፈችበት ቤት በእግር የሚደረስ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስካነራችን ተቀምጧል፤ ቢጫ የሆነው ክዳኑ፣ አባቴ በፕላስተር ያሰረው ገመድ፣ ሁሉም እንዳለ። ስካነሩ የተሰካበት ኮምፒውተር ላይ ያለው ዊንዶ የኔው ዓይነት አዲሱ ነው።

ልጅቷ አታውቀኝም። ትሑት ናት፤ ወንበር ጠርጋ "ይቀመጡ ጋሼ" አለችኝ።

"ይሄ አሮጌ ነገር በአዲሱ ዊንዶ ይሠራል እንዴ?" አልኳት።

"ኤዬ፣ እንዴት አይሠራም! ፊርማ የለውም እያለ ያስቸግራል እንጂ ፍተሻውን ማጥፋት ይቻላል። ከጾሙ በፊት የእህቴ ባል ከጅማ አምጥቶ እዚሁ ቁጭ ብሎ ነው የጫነልኝ። ያዘዝኩለትን ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ሠራ።" የእህቷ ባል ማን እንደሆነ ነገረችኝ፤ ሚዜዬ ነው።

ከጾሙ በፊት። እናቴ ገና በእግሯ ገበያ ትወጣ ነበር።

ፊልሟን ሰጠኋት። ስካነሩ አጓራ፤ ድምፁን ለይቼ አውቀዋለሁ፣ ሲጀምር ሁለቴ ያስለዋል። እናቴ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለች ስክሪኑ ላይ ወጣች። ጸጉሯ ጠቆረ፣ ጥርሷ ነጣ። ሳቀች። ልጅቷ ጠጋ ብላ አየቻትና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ውይ! እኚህ እናት… ያን ጊዜ ከመታወቂያ ያተምንላቸው አይደሉም? የእህቴ ባል ነው ይዞ የመጣው። መታወቂያውን በስልኩ አንስቶ 'እንዲሁ አትሚው፣ ቀብር ደርሷል' አለኝ። ፊልም እንዳላቸው ምነው ሳይነግረኝ!"

እዚህች ክፍል ውስጥ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ስካነሩ አጠገብ፣ እዚሁ። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ እየጠበቅሁት። "ጅማ ውስጥ የለም" ያለኝ አልዋሸም፤ ጅማ ውስጥ አልነበረም። ቃሉን እንዲህ መርጦ ያቀበለኝ እኔ እንባዬን እየጠረግሁ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ፈረሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲሰጠኝ እንጂ ሲጥለኝ አይቼው አላውቅም ነበር። ተቃጠልኩ። አሁንም ስጽፈው እቃጠላለሁ።

ልጅቷ ጥጉን እያሳየችኝ "ይቺን መስመር ላጥፋት?" አለችኝ።

"ተያት" አልኳት። እንደማንኛውም ደንበኛ ከፍዬ ወጣሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ስልክ ሲደውልልኝ አነሳለሁ፣ ጅማ ሲያገኘኝ ሻይ እንጠጣለን። እየሳቀ ሲያወራኝ ፊቱን አየዋለሁ፤ የተለወጠ ነገር የለውም። ያ ነው የባሰብኝ። ሙት ዓመቷ ሲደርስ ፎቶዋን በትልቅ ፍሬም አድርጌ አጋሮ ወሰድኩና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አክስቴ ከፊቱ ቆማ "ይኸውልህ፣ እሷ ማለት ይቺ ናት" አለችና ፍሬሙን ሳመችው።

ሚዜዬ እንደ ልማዱ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ወንበር ደረደረ፣ ከቄሶቹ ጋር ተጫወተ፣ ወጥ በሚሠሩት ሴቶች ላይ ቀለደ። ከዚያ የለስላሳ ሳጥን ተሸክሞ ወደ ሳሎን ገባና ቀና አለ። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ እሷ ስትስቅ አብሮ መሳቅ ልማዱ ነው። ቀጥሎ ዓይኑ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ሄደ። ሳጥኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው።

"የት አሠራኸው?" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እዚሁ አጋሮ። የሚስትህ እህት ጋ።"

"ልነግርህ ነበር" አለ። "መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ኋላ ሲሠራ ልመልስልህ አስቤ፣ ልጅቷ ሥራ ለምዳበት… ነገ ዛሬ ስል እማማ አረፉ። ያን ቀን 'አለ' ብል ምን ትለኝ ነበር?"

"አመሰግናለሁ ነበር የምልህ" አልኩት። እውነቴን ነው። ያን ቀን ፎቶዋን ይዞልኝ ቢመጣ፣ ስካነሩን ከየት አገኘኸው ብዬ እንኳ አልጠይቀውም ነበር።

እንባው መጣ። ያው ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ክንዴን ያዘኝ።

"ነገ ጠዋት እኔው ራሴ ጭኜ ጊንጆ አመጣልሃለሁ። ነገ፣ በእናታችን አፈር!"

እጁን ከክንዴ ላይ አነሳሁት።

"ቀብሯ ነገ ነው እንዴ?" አልኩት።