ጣራ ሳይለብስ የተመረገ ጭቃ

የጭቃ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ። ጣራ ሳይለብስ ግድግዳ አይመረግም። እኔም አውቀው ነበር። አውቄ ነው የጣስሁት፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ሰዎች ክፋት ሳይሆን ስለ ራሴ ነው። እርግጥ ስለ ሰዎችም ትንሽ እናገራለሁ፤ ዝም ማለት ልማዴ አይደለም።

መሬታችን ዓለም ገና ነው፤ የምሠራው ሰበታ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ያነበብሁትንም ለቤተሰቤ እነግራለሁ፤ የነገርሁትንም እንዲፈጸም እፈልጋለሁ። ታላቋ ልጄ ስለ አካባቢ ጥበቃ የተማረችበትን ደብተር ያነበብሁ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ቆርቆሮ ማዕድኑ ተቆፍሮ፣ በእሳት ቀልጦ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ መሆኑን አሰብሁ። ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ጸሎት እንኳ አያሰማም። እራት ላይ ቤተሰቤን ሰብስቤ ተናገርሁ።

«የኛ ቤት ጣራ ምድርን የማይበድል ይሆናል። ሣር ይሆናል፤ ሣር ካልተገኘ ሸክላ። ቆርቆሮ አይወጣበትም።»

ባለቤቴ ሳህን እያነሳች፣ «ውሃውስ?» አለች።

«የምን ውሃ?»

«የምን ውሃ ይለኛል! ቧንቧው በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ክረምቱን ሙሉ የምንጠጣው፣ የምናጥበው ከአሸንዳ ወደ በርሜል የሚወርደውን ነው። ከሣር ላይ የሚወርድ ውሃ ሻይ ይመስላል። የልጆቹን ነጭ ሸሚዝ በሻይ ላጥብ?»

«ሸክላ ከሆነ ችግር የለም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ፋብሪካችሁ የመጋዘኑን ጣራ ሊቀይር ነው አላልከኝም? የሚነቀለውን ቆርቆሮ ለሠራተኛ እንሰጣለን ብለዋል አላልክም? ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው። እሱን ብታመጣ ምድርህ ምን ትሆናለች?»

«የሰው ውራጅ በራሴ ላይ አላወጣም» አልኋት።

ይህን ቃል አስታውሱት። ስለ ምድር ሳስብ የነበረ ሰው፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ መለስሁ። ያን ቀን ግን እንደዚያ አልመሰለኝም፤ ክብር መሰለኝ። በፋብሪካም ቆርቆሮውን የሚወስዱ ሲመዘገቡ ይህንኑ ተናገርሁ።

አናጢው ከእኔው አገር ከደቡብ የመጣ፣ ምላሱ ከመጋዙ የሚፈጥን ሰው ነው። የግድግዳውን ቋሚና ማገር አቁሞ ጨርሶ ጣራው ላይ ሲደርስ ጠየቀኝ። ለሣር ከሆነ ሾጣጣ፣ ለሸክላ ከሆነ ወፍራም እንጨት፣ ለቆርቆሮ ከሆነ ዘንበል ያለች ቀላል ጣራ ይበቃል፤ ቁርጡን ንገሩኝ አለኝ። ሣር አልሁት።

«ጋሼ፣ ሎጅ ነው እንዴ የምንሠራው? ‹መግቢያ በክፍያ› የሚል ታፔላ አብሬ ልሥራልዎ?»

አልሳቅሁም። ሣሩን እስካመጣ ድረስ ይጠብቅ ብዬ አሰናበትሁት። ይሁን እንጂ ለግድግዳው የተረገጠው ጭቃ ከጭዱ ጋር ቦክቶ ቀኑ ደርሶ ነበር፤ የቸርች ወንድሞችም ለቅዳሜ ሊመርጉልኝ ቀጠሮ ይዘዋል። የካቲት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ይመረግ አልሁ። ወንድሞች እየዘመሩ በአንድ ቀን አራቱንም ግድግዳ ጨረሱት። አናጢው ሰኞ መጥቶ አየና ጭንቅላቱን ያዘ።

«ይቺ ቤት ኮፍያ ሳታደርግ ካፖርት ለበሰች እኮ ጋሼ! አንድ ዝናብ ቢመጣ ምን ሊውጣት ነው?»

«እስከ ሰኔ ሦስት ወር አለ» አልሁት።

ሣር ፍለጋ የሄድሁት ሱሉልታ ነው። ወደዚህ አገር እንደ መጣሁ አንድ ጊዜ በጎጃም መንገድ አልፌ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው የሚሰውር ሣር አይቻለሁ። አሁን ከሚኒባስ ስወርድ ያየሁት የግንብ አጥርና የድንጋይ ክምር ነው። በአስፋልቱ ዳር ሯጮች በቡድን ሽው ይላሉ። ብዙ ጠይቄ ወደ አንድ አዛውንት ገበሬ ደጅ መሩኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» አልሁ። ኦሮምኛዬ እዚያው ላይ ያልቃል።

«ነጋ፣ ነጋ። ምን ፈልገህ ነው?»

«ሣር ነው። ለቤት ክዳን የሚሆን።»

«ማርጋ? ለቤት?» ገመዱን አስቀመጡት። «ለላም አጥቼ ከከተማ ፋጉሎ እየገዛሁ፣ አንተ ለቤት ትላለህ? እስቲ ቀና በልና ጣራዬን እየው።»

ቀና አልሁ። ቆርቆሮ ነው።

«እኛስ ደልቶን የቀየርን መሰለህ? ሣሩ ነው ያለቀው። አንተ የምትሠራው የት ነው?»

«ዓለም ገና።»

«መሬቱ በፊት ምን ነበር?»

ሳልወድ እውነቱን ነገርኋቸው። «ግጦሽ ነበር አሉ።»

አዛውንቱ በሳቅ ፈረሱ። «እንግዲያው ምን እዚህ ድረስ አለፋህ? ሣርህ ከወለልህ ሥር ነው!»

እኔ ለሌላው መልስ የማላጣ ሰው፣ እጃቸውን ጨብጬ ተመለስሁ። በሚኒባሱ ውስጥ ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድሁ ግን አላውቅም። በእሳቸው ነው እንዳልል የተናገሩት እውነት ነው።

ሸክላው ቀረ። ቡራዩ ውስጥ የሸክላ ክዳን የሚሠራ ሰው እንዳለ ሰምቼ በሌላ የዕረፍት ቀኔ ሄድሁ። ክዳኑ ያምራል፤ ቀይ ነው፤ ጣት ሲመታው ይጮኻል። ደስ አለኝ። ከዚያ ከግቢው ጀርባ የተከመረውን ግንድ አየሁ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁት ባለቤቱን።

«ማገዶ ነዋ። ሸክላው በምን ይተኮስ? በጸሎት?»

«ይህ ሁሉ ባሕር ዛፍ ለስንት ቤት ነው?»

«ያንተ ቤት ትልቅ ነው?»

ትንሽ ነው አልሁት። ቤቴ ምን ላይ እንደቆመ ጠየቀኝ። የጭቃ ቤት መሆኑን ስነግረው እንደ ሐኪም አየኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ ከባድ ነው። የጭቃ ቤት ቋሚ አይችለውም። ወይ ግንብ ሥራ፣ ወይ በስሚንቶ ዓምድ አቁም። አለዚያ ጣራህ ወርዶ አልጋህ ላይ ይተኛል።»

ስሚንቶው በምን እንደሚቃጠል ልጠይቀው አሰብሁና ተውሁት። ምድርን የማይበድል ጣራ ፈልጌ፣ አንዱ ጋ ምድሪቱን የበላሁት ራሴ ሆኜ ተገኘሁ፤ ሌላው ጋ ዛፉን ላስቆርጥ ሆነ። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አልነገርኋትም። «ገና እያጠናሁ ነው» አልኋት። ዋሸሁ። ልጆቼን ሲዋሹ የምቀጣ አባት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋሸሁ። አናጢው ሲደውልም ስልኩን አላነሳሁም።

ዝናቡ ሰኔን አልጠበቀም። በሚያዝያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ደመናው ከሰበታ በኩል ተከተለኝ። ከባጃጅ ወርጄ እየሮጥሁ ስደርስ ባለቤቴ ቀድማኝ ከተከራየነው ቤት መጥታለች። በምዕራቡ ግድግዳ አናት ላይ የፕላስቲክ ሸራ ለመዘርጋት ትታገላለች፤ ነፋሱ ይነጥቃታል። ሁለታችን ተንጠላጠልን። ውሃው ከላይ በማገሩ መሐል ገባ፤ ጭቃው መጀመሪያ አበጠ፣ ከዚያ በቁሙ ተንሸራትቶ እግራችን ሥር ወረደ። የወንድሞች የጣት አሻራ ሳይቀር አብሮ ወረደ። በሌሎቹ ግድግዳዎች በኩል ግን ሸራው ያዘልን።

ባለቤቴ ከወገቧ በታች ጭቃ ሆና ቆመች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «መጋዘኑን ነቅለው ጨረሱ?» ብቻ አለችኝ።

በማግስቱ የፋብሪካውን ንብረት ክፍል ኃላፊ ጠየቅሁ። ሳቀብኝ። «አንተ ነህ ውራጅ አልፈልግም ያልከው? አብዛኛውን ሌሎች ወሰዱት፣ የተረፈውን ቁራሌዎች ጫኑት። ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ክምር ብቻ ቀረች።» ያቺ ጥግ ላይ ያለችው የቤቱን አንድ ጎን ብቻ የምታለብስ ሆነች። አሮጌ ናት፤ ግን ከዛሬው ቆርቆሮ ትወፍራለች። አናጢውን ጠራሁት፤ የጣራውን እንጨት አቆመ፤ የቀድሞው ምስማር የበሳውን ቀዳዳም በሬንጅ አንድ በአንድ ደፈነው። ለሌላው ጎን አይወጣበትም ያልሁትን አዲስ ቆርቆሮ ራሴ ተሸክሜ መጣሁ።

ከዝናብ ጋር ስለምንሽቀዳደም እኔም ጣራ ላይ ወጣሁ። በአሮጌው ጎን አናጢው መታ፤ በአዲሱ ጎን እኔ። ማንም ሳያስተምረኝ ስንት ነገር ተምሬያለሁ፣ ምስማር መምታት ምን ያቅተኛል አልሁ። የፈረሰውን ግድግዳ በአዲስ ጭድና ጭቃ መለስነው፤ ያ ቦታ እስከ ዛሬ ከሌላው ይጠቁራል። ጣራችንም ከመንገድ ሲያዩት ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ የሚያብረቀርቅ ነው። ጎረቤት ለምን እንዲህ ሆነ ብላ ስትጠይቅ ባለቤቴ፣ «አሮጌው የኔ ነው፣ አዲሱ የሱ» ትላለች።

በሰኔ ገባን። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ አሸንዳው ሞላ፤ በርሜሉ አንድ ሰዓት ሳይቆይ ሞልቶ ፈሰሰ። አሮጌው ጎን አንዲት ጠብታ አላስገባም። በእኔ በኩል ግን ከአልጋው በላይ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። አናጢው መጥቶ ወጥቶ አየና ከላይ ጮኸ።

«ጋሼ! የቆርቆሮ ምስማር ጉብታው ላይ ነው እንጂ ውሃ መውረጃው ላይ ይመታል እንዴ? ስንት ቦታ ነው የመቱት?»

«የሱን ጎን አይተህ አልነበረም?» አለችኝ ባለቤቴ ከሥር።

አላየሁም ነበር። ሳፋውን አንሥቼ ከጠብታው ሥር አስቀመጥሁና ለአናጢው ሬንጁን አቀበልሁት።