በቡፌ የተቆለፉት መጻሕፍት

ከሊክ ፎርክ ሸለቆ የሚመጡ ልጆች መጽሐፍ ሲሰጣቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ይደብቃሉ። ቨርና ካዲልን ለዓመታት ሲያብሰለስላት የኖረው ነገር ይኸው ነበር።

ቨርና በአሜሪካ፣ በምሥራቅ ቴነሲ ተራሮች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ነው ያረጀችው። መንገዱ ጠመዝማዛና ረጅም ስለሆነ፣ ልጆቹ እንዳይሰለቹ ብላ ከመቀመጫዋ ጀርባ ባለሥዕል መጻሕፍት የሞሉበት ካርቶን ታስቀምጥ ነበር። የሌላው ሸለቆ ልጆች ካርቶኑን ሲያዩ ይሻማሉ፣ ይጓተታሉ፣ አንዳንዴም ይናከሳሉ። የሊክ ፎርኮቹ ግን አንገታቸውን አስግገው ሥዕሉን ከሩቅ ያያሉ እንጂ አይነኩም። «እንካ፣ ውሰድ» ስትላቸው እጃቸው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የጋለ ብረት የሰጠቻቸው ይመስል።

ነገሩን እንቆቅልሽ ያደረገው ደግሞ እነዚህ ልጆች መጽሐፍ ያልጎደላቸው መሆናቸው ነው። ዝነኛዋ የካንትሪ ዘፋኝ ድሪማ ራትሊፍ የተወለደችው እዚያው ሊክ ፎርክ ጫፍ ላይ፣ ዛሬ የጭስ መውጫው ብቻ ቆሞ በቀረ ቤት ውስጥ ነው። ስሟ ከገነነ፣ ኪሷም ከሞላ በኋላ የወንዟን ልጆች አልረሳችም። በዚያ አውራጃ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየወሩ አንድ መጽሐፍ በፖስታ ይደርሰዋል፤ ያውም በስሙ! ይህ «በስሙ» የሚሉት ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ገና ጥርስ ያላበቀለ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው በራሱ ስም ፖስታ ይደርሰዋል ማለት ነው። ታዲያ በመጽሐፍ ተከብቦ ያደገ ልጅ እንዴት መጽሐፍ ይፈራል?

ቨርና ጡረታ ስትወጣ ለዚሁ ሥራ በጎ ፈቃደኛ ሆነች፤ አዲስ የተወለዱትን እየዞረች ታስመዘግባለች። እንቆቅልሹንም ልትፈታው ቆርጣ ተነሣች። አካሄዷ የሹፌር ነው። ሞተር አልነሣ ሲል ነዳጁን ያያሉ፣ ከዚያ ባትሪውን፣ ከዚያ ሽቦውን። እንዲሁ ጀመረች።

መጀመሪያ ፖስተኛውን ዱዊን ያዘችው። «እውነቱን ንገረኝ፣ መጽሐፎቹ ሊክ ፎርክ ይደርሳሉ ወይስ መኪናህ ውስጥ ይቀራሉ?»

«ቨርና ሙች!» አለ ዱዊ። «የመብራት ሂሳብ ብጥልባቸው ዞሮ የሚያየኝ የለም። የድሪማ መጽሐፍ አንድ ቀን የዘገየ እንደሆነ ግን ውሻ ነው የሚለቁብኝ።»

ፖስታው ደህና ነው። ቀጥላ፣ የተራራ ሰው ኩሩ ነውና ምናልባት ምጽዋት ጠልተው ይሆን አለች። የሸለቆው ሰዎች በዚህም ሳቁባት። «ዘመድ የላከው ምን ምጽዋት ይባላል?» አሏት። እንግዲህ የቀረው ቤት ገብቶ ማየት ነው።

የገባችው አክስት አይሲ ሙሊንስ ዘንድ ነበር። አይሲ ሰማንያን ያለፈች ባልቴት ስትሆን የልጅ ልጇን ልጅ ታንሲን ታሳድጋለች፤ የታንሲ እናት ሩቅ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ታንሲ ነሐሴ ላይ አምስት ዓመት ይሞላታል። ያን ጊዜ መጽሐፉም መምጣቱን ያቆማል፣ ትምህርት ቤትም ይከፈታል።

«ግቢ ልጄ፣ የበቆሎ ቂጣው ገና ትኩስ ነው» አለቻት አይሲ።

ቨርና ግን ዓይኗ ቡፌው ላይ ቀረ። ከመስታወቱ በስተጀርባ፣ በሠርግ ሰሃኖቹና ከቀን መቁጠሪያ በተቆረጠው የድሪማ ፎቶ መካከል፣ የታንሲ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ላስቲካቸው እንኳ አልተቀደደም።

«አክስት አይሲ፣ እነዚህ አልተከፈቱም እኮ!»

«ለምን ይከፈታሉ? የድሪማ ናቸው! እኔና የድሪማ እናት በአንድ ማሳ በቆሎ ኮትኩተናል። ልጅቷ ይህን ሁሉ ዝና ይዛ ሳትረሳን ብትልክልን፣ እኔ በማርማላታ እጅ ላስጨማልቀው?»

ታንሲ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለች፤ አይሲን የምትጠራት «ማማው» እያለች ነው። «ማማው፣ እኔ ንክችም አላደረግኩ! በመስታወቱ ብቻ ነው ያየሁት» አለች፤ ሁለት እጇንም ወደ ኋላ ደበቀች።

ቨርና ያን ጊዜ ገባት። ጥፋቱ ንቀት አልነበረም፤ አክብሮት በዝቶ ነው! በኋላ ስትዞር እንዳየችው፣ በሸለቆው ውስጥ ቡፌ ያለው በቡፌ፣ የሌለው በሣጥን ቆልፎባቸዋል። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው የድሪማ አገር ሰው ብቻ ነው።

«ካልተከፈተ ከጡብ በምን ይለያል?» ብላ ተከራከረች።

«ጡብ ላይ የልጄ ስም አልተጻፈበትም። ደግሞስ አንቺ የሠርግ ሰሃንሽ ላይ ነው ድንች የምትልጪው?»

ቨርና ቂጣዋን በልታ፣ ተሸንፋ ወጣች።

የተመለሰችው ፎሶሊያ በደረሰበት በሐምሌ ነው። አይሲ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ለብርዱ ወራት የሚደርቀውን ፎሶሊያ በመርፌና በክር ትሰካለች። ቨርና ልታግዛት ወንበር ስትስብ፣ ወንበሩ ላይ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አገኘች። ሽፋን የላትም፤ ጀርባዋ በብርድ ልብስ መስፊያ ክር ተሰፍቷል፤ አንዱ ጥግ በእጅ ወዝ ጠቁሯል።

«ይህቺስ የማን ናት?»

«የሃርል የመዝሙር መጽሐፍ ናት» አለች አይሲ። ሃርል ሟች ባሏ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር መሪ ነበር። እዚያ የሙዚቃ መሣሪያ የሚባል የለም፤ መጽሐፍም ለሁሉም አይዳረስም። መሪው አንዷን መጽሐፍ ይዞ ይቆምና አንድ ስንኝ ብቻውን ያወርዳል፤ ሕዝቡ ደግሞ ያንኑ ስንኝ እየጎተተ፣ ተራራ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ይቀበላል።

«እና ይህቺ ለምን ቡፌ ውስጥ አልገባችም?»

«ይህቺ እኮ በእጁ የኖረች ናት፤ በየእሑዱ…» ብላ ጀመረች አይሲ።

ቨርና ሌላ ሳትጠይቅ መጽሐፏን ዘረጋችላት። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ እንደማይረገጥ ታውቃለች።

አይሲ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጽሐፏን ተቀበለች፤ አውራ ጣቷንም በጠቆረው ጥግ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ ነበር የሚይዛት» አለች። «ንጹሕ ብትሆን ኖሮ ምኑን ይዤ እቀር ነበር?»

ከዚያ ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። «ታንሲ! ነይማ። አንዱን አውጪ።»

«በየትኛው እጄ?»

«በሁለቱም።»

ላስቲኩ ሲቀደድ ታንሲ ትንፋሿን ዋጠች። አይሲ መጽሐፉን ወደ ቨርና ገፋችው። «አንቺ አንብቢላት። እኔ ቃል በቃል እየተደናቀፍኩ ነው የማነበው፤ ልጅቷ ፊት ያሳፍረኛል።»

«እንደ ሃርል እናድርገዋ» አለች ቨርና። «እኔ ላውርድ፣ እናንተ ተቀበሉ።» ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች፦ «ዳክዬዋ ጫማዋን አጣች…»

አይሲም ዓይኗን ጨፍና፣ በዚያ በለመደችው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ «ዳክ…ዬ…ዋ» ብላ አንጎራጎረች። ታንሲ ከሥሯ በቀጭን ድምፅ ተከተለች። ጫማው ከጭቃው ውስጥ እስኪገኝ ድረስ ሦስቱም እንባ በእንባ ሆነዋል፤ ግማሹ ሳቅ ነው።

«ምስኪን ዳክዬ!» አለች አይሲ። «በዚህ ዜማ እኮ ቀበርናት!»

ነሐሴ ላይ የመጨረሻው መጽሐፍ መጣ። ታንሲ ከዱዊ እጅ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ሳይመሽ ማርማላታ ነካው፤ አይሲም አልተቆጣችም። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ የያዘችው ያንኑ ነው።

አሁን ቨርና አሮጌ ፒካፕዋ ውስጥ አይሲን ከጎኗ አስቀምጣ በሊክ ፎርክ ቤት ለቤት ትዞራለች። ሰው የእሷን ወሬ ባይሰማ የአይሲን ይሰማል ብላ ነው። ዛሬ ሁለቱ ኦቫ ሴክስተን የምትባል ሴት በረንዳ ላይ ናቸው። የኦቫ ሣጥን ቁልፉ ሁለት ነው፤ የልጅ ልጆቿ መንትዮቹም እጃቸውን ከኋላ አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እናንተ የራሳችሁን አበላሹ» አለች ኦቫ። «የእኔ ግን እንደ መጡ ናቸው።»

«እንደ መጡማ ናቸው» አለች አይሲ። ከቦርሳዋ የዳክዬዋን መጽሐፍ አወጣች፤ ሽፋኑ ታጥፏል፣ ጥጉ ላይ በእንጆሪ ማርማላታ አንዲት ትንሽ የአውራ ጣት አሻራ ታትማበታለች። ጎንበስ ብላ ለመንትዮቹ ዘረጋችላቸው። «ንኩት ልጆቼ፣ አይናከስም።»

ቨርና ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና የመጀመሪያውን ስንኝ አወረደች። አይሲ ሆነ ብላ አፏን ዘግታለች። ሁለቱም ከበሩ በኩል የሚቀበላቸውን ድምፅ እየጠበቁ ነው።